የአየር ሁኔታ መረጃን በካርታ ላይ መሳል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ታቅፎ የሚመጣ ሰው አላጣም፤ አንዱ የማስተርስ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ሌላው ከግብርና መሥሪያ ቤት የመጣ ባለሙያ፣ አንዳንዴም ጋዜጠኛ ነው። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ሶፍትዌሩ ነው። አብረን ቁጭ ብለን ፋይሉን ስንከፍተው ግን ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ምንም አልሆነም። ቁጥሩ መቼ፣ የት እና በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደተለካ ሳይጣራ ካርታ ላይ ወጥቷል። ከታች ያሉት መልሶችም ወደዚያ የሚያደሉት ለዚህ ነው።

በየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር?

ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ከሆነ በፓኖፕሊ ጀምሩ። የናሳ ጎዳርድ የጠፈር ጥናት ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ጃቫ መጫን አለበት። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚቀመጥባቸውን የኔትሲዲኤፍ ወይም የግሪብ ዓይነት ፋይሎች ስትሰጡት በውስጡ ያሉትን መረጃዎች ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ከዝርዝሩ አንዱን ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉት ካርታው ይመጣል።

የጣቢያ መረጃ በኤክሴል የያዘ ሰው ግን ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር ይጠቀም። ኬክሮስና ኬንትሮስ የያዙት ሁለት ዓምዶች ካሉ ጣቢያዎቹን ነጥብ በነጥብ ያስቀምጥላችኋል፤ የክልልና የወረዳ ወሰን መደረብም ይቀላል።

ግራድስ ብራያን ዶቲ የተባለ ባለሙያ ኮላ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ውስጥ የሠራው የቆየ ሶፍትዌር ነው። ትእዛዝ እየጻፋችሁ ነው የምታሠሩት፤ ያ ብዙ ሰው ያስፈራል። ነገር ግን ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ሳይከብድ ይሠራል፤ የትንበያ ፋይልን በሰዓትና በከፍታ እየቆራረጡ ለማየት እኔ እስካሁን የማነሣው እሱን ነው። አሥር የማይሞሉ ትእዛዞች ከለመዳችሁ የቀን ሥራችሁን ይሸፍኑላችኋል።

ሥራው የሚደጋገም ከሆነ፣ ማለትም በየወሩ አንድ ዓይነት ካርታ የምታወጡ ከሆነ፣ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሩ። ከፓይተን መሣሪያዎች ኤክስአሬይ ፋይሉን ያነባል፣ ካርቶፓይ ካርታውን ይዘረጋል፣ ሜትፓይ ደግሞ የሜትሮሎጂ ስሌቱንና የጣቢያ ምልክቶቹን ይሠራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካርቶፓይ የአገር ወሰንና የባሕር ዳርቻ መስመሮችን መጀመሪያ ስትጠሩት ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት በሌለበት ስብሰባ ላይ ኮዱን ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሥቶ የተደናገጠ ሰው አይቻለሁ። ቢሮ ሳላችሁ አንድ ጊዜ አሠሩት፤ ያወረደውን ያስቀምጠዋል።

ኤንሲኤል የተባለውን የቆየ የካርታ መሳያ ቋንቋ አሁን አዲስ ጀማሪ እንዲማረው አልመክርም። የሚያዘጋጀው የአሜሪካው የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ኤንካር እ.ኤ.አ. በ2019 ፊቱን ወደ ፓይተን ማዞሩን አስታውቋል። የቆየ ስክሪፕት ያለው ሰው ግን አሁንም ሊጠቀምበት ይችላል።

ዳታውን ከየት ላምጣ?

የጣቢያ መረጃ ባለቤት የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደብዳቤው ላይ የጣቢያዎቹን ስም፣ ዓመታቱንና የመረጃውን ዓይነት ዘርዝሩ። «የአዲስ አበባ ዝናብ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ኦብዘርቫቶሪውን ይሁን ቦሌን እንደፈለጋችሁ ማንም አያውቅላችሁም፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ለዝናብ በግሪድ፣ ማለትም መሬቱን በእኩል ካሬዎች ከፍሎ የተዘጋጀ መረጃ ከፈለጋችሁ ቺርፕስ አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚያዘጋጀው ሲሆን የሳተላይት ግምትንና የጣቢያ ልኬትን ያጣምራል፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ0.05 ዲግሪ ስፋት ይገኛል። ለንፋስ፣ ለግፊትና ለላይኛው አየር የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ልኬትንና ሞዴልን አጣምሮ የሚያዘጋጀው ኢራ5 ይሻላል፤ በ0.25 ዲግሪ፣ በየሰዓቱ፣ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ለነገና ለከነገ ወዲያ ትንበያ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ የሚታደሰው የአሜሪካው የትንበያ ሞዴል ጂኤፍኤስ አለ።

ኢናክትስ የሚባለውን ሥራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ምርምር ተቋም በአይአርአይ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ዲንቁ የመሩት ሲሆን፣ የአገሪቱን የራሷን ጣቢያዎች ከሳተላይት ጋር አዋሕዶ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ያለውን ክፍተት ይሞላል። የትኛውም ዓለም አቀፍ ፋይል የማያገኛቸው የጣቢያ ንባቦች እዚያ ውስጥ ስላሉ ለአገር ውስጥ ሥራ ቅድሚያ እሰጠዋለሁ።

ፋይሉ ከባድ ነው፤ ኢንተርኔቱ አይችለውም። ምን ላድርግ?

የዓለምን ፋይል አታውርዱ። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ውስጥ ትገባለች። በ0.25 ዲግሪ ሲሰላ መላው ዓለም 1,038,240 ነጥብ አለው፤ ይህ ሳጥን ግን 2,989 ነጥብ ብቻ ነው። ከሺህ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም። ንፋስ የምትስሉ ከሆነ ግን ሳጥኑን አስፉት፤ እርጥበቱ ከሕንድ ውቅያኖስ ይምጣ ከኮንጎ በኩል የሚታየው ከድንበራችን ውጭ ነው።

ካርታዬ ላይ አዲስ አበባ አንድ ካሬ ብቻ ሆነች። ስሕተት ነው?

ስሕተት የለውም። እንዲያውም ካሬው ሆኖ መታየቱ ጥሩ ነው፤ እውነቱን እያሳያችሁ ነው። 0.25 ዲግሪ በእኛ አካባቢ በእያንዳንዱ ጎን 27.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስፋቱ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ በጠቅላላ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እንግዲህ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ የሆነው እንጦጦና ዝቅ ያለው አቃቂ ቃሊቲ አንድ ቁጥር ሊጋሩ ይችላሉ ማለት ነው። የከፍታው ልዩነት 900 ሜትር ቢሆን፣ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል ብለን ብናሰላ፣ ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት በዚያ ካሬ ውስጥ ተውጧል።

ዝናቡማ ይብሳል። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል፣ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ጎዳናውን ያጥለቀልቀዋል፣ ከዚያ ታክሲ ይዛችሁ ሜክሲኮ ስትደርሱ አስፋልቱ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለው ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ኢራ5 ሊያየው አይችልም። ቺርፕስ ጎኑ 5.5 ኪሎ ሜትር በሆነ ካሬ ከተማዋን ወደ 17 ካሬ ይከፍላታል፤ የተሻለ ነው፣ ቢሆንም የፒያሳን ዶፍ ከሜክሲኮ ይለያል ብላችሁ አትተማመኑ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህንን ለማሳመር የሚደረገው ነው። ፓኖፕሊ ቀለሙን በካሬዎች መካከል የሚያለዝብ ምርጫ አለው፤ በግራድስም ቀለም እየሞላ የሚስለው ስልት እንዲሁ ያለዝባል። ካርታው ያምራል። አንባቢው ግን በቂርቆስና በየካ መካከል የሚታየውን የቀለም ሽግግር የተለካ ነገር አድርጎ ያነበዋል። ስለ ከተማ የምትጽፉ ከሆነ ማለዘቡን አጥፉት፣ ካሬዎቹን እንዳሉ አሳዩ።

የካርታዬ ሰዓት ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። የቱን ሰዓት ነው የሚያሳየው?

ከሚመጡልኝ ስሕተቶች ሁሉ ይህ ይበዛል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ፋይሎቹ በሙሉ የሚቆጥሩት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ከዩቲሲው ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ይበቃል። 12 ዩቲሲ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 6 ዩቲሲ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 18 ዩቲሲ ላይ 3 ሲቀነስ 15 ይሆናል፤ 12 ስታወጡለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። 0 ዩቲሲ ላይ ደግሞ መጀመሪያ 12 ጨምሩ፤ 3 ሲቀነስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ይህቺን ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪናቸው ጠርዝ ላይ እንዲለጥፏት አደርጋለሁ።

ቀጥሎ የዝናብ ቀን አለ። የዝናብ መለኪያው የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት የተነበበው 32 ሚሊ ሜትር አብዛኛው የዘነበው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ በሰኞ ስም ይሁን በማክሰኞ ስም እንደተጻፈ መረጃውን የሰጣችሁን ሰው ጠይቁ። ከዚያ ኢራ5ን ከጣቢያው ጋር ለማነጻጸር ከ0 እስከ 24 ዩቲሲ አትደምሩ። በኢራ5 እያንዳንዱ የሰዓት ዝናብ በዚያ ሰዓት ማብቂያ ላይ ስለሚጻፍ፣ ከሰኞ 7 ዩቲሲ እስከ ማክሰኞ 6 ዩቲሲ ያሉትን 24 ቁጥሮች ደምሩ። ያን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ይገናኛሉ። «ሞዴሉ ከጣቢያው ጋር ምንም ዝምድና የለውም» ብሎ ምዕራፉን የዘጋ ተማሪ ነበረኝ። በዚህ መንገድ ደግመን ስንደምረው ዝምድናው ወጣ።

የወር ጉዳይም አለ። ሐምሌና ጁላይ አንድ አይደሉም፤ ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። በአማርኛ ወር የተደመረ ሠንጠረዥ ከጁላይ ካርታ አጠገብ ሲቀመጥ አንባቢውን ያሳስታል። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ ትረሳለች፦ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 12 ወር ስለሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ መረጃ ሲገለበጥ የእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ዝናብ ወድቆ ይቀራል። ክረምቱ ገና ያልወጣበት ጊዜ ነውና ቀላል አይደለም። በቀን ደረጃ ገልብጡ፣ ከዚያ በኋላ ደምሩ።

የ850 ሄክቶፓስካል ካርታ አዲስ አበባ ላይ ንፋስ ያሳየኛል። ልመነው?

አትመኑት። እዚያ አየር የለም፤ ያለው መሬት ነው።

ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት መለኪያ ነው፤ ግፊቱ 850 የሚሆንበት ዕርከን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መሬቷ ላይ የሚለካው የአየር ግፊት ወደ 770 ሄክቶፓስካል ይጠጋል። ታዲያ 850 ከመስቀል አደባባይ ሥር ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ወደ ታች ቆፍሮ የሚገኝ ቦታ ነው። ሞዴሉ ፋይሉ ባዶ እንዳይሆን ሲል በስሌት ሞልቶታል። በባሕር ማዶ የተጻፉ መማሪያዎች ሁሉ «በ850 ጀምሩ» ስለሚሉ ልጆቻችን ያንኑ ይወስዳሉ፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ስለ ደጋው እርጥበት ሲጻፍ ሳይ አዝናለሁ።

ለደጋው 700 ሄክቶፓስካልን ተጠቀሙ፤ ከ3,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከእንጦጦ አናት ጋር ይቀራረባል። ጋምቤላ፣ ሰመራ፣ ጎዴ፣ ድሬዳዋ ላይ ግን 850 እውነተኛ አየር ነው፤ የሶማሌን ዝቅተኛ ጀት፣ ማለትም ፈጣን የአየር ጅረት፣ ለማየትም የሚሻለው እሱ ነው። በክረምት ከላያችን የሚያልፈውን ሞቃታማውን ምሥራቃዊ ጀት ለማየት ወደ 200 እና 150 ውጡ።

መላውን አገር በ850 መሳል ግድ ከሆነባችሁ የመሬት ላይ ግፊቱን አብራችሁ አውርዱና ከ850 ያነሰበትን ቦታ በግራጫ ሸፍኑት። ግራድስ ለዚህ አንድ ትእዛዝ አለው፤ በፓይተንም አንድ መስመር ነው። ግራጫው የደጋችንን ቅርጽ ይዞ ሲወጣ ስታዩት ለምን እንደሸፈናችሁት ለማንም ማስረዳት አይቸግራችሁም።

ሙቀቱ 290፣ ዝናቡ 0.009 ይለኛል።

መለኪያው ነው። 290 በኬልቪን ነው፤ 273.15 ቀንሱ፣ 16.85 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል። የኢራ5 ዝናብ በሜትር ነው፤ በ1,000 አባዙት። የወር ፋይሉን ከወሰዳችሁ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ ቁጥሩ የወሩ ድምር ሳይሆን የአንድ ቀን አማካይ ነው። የኦገስት 0.009 ማለት በቀን 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ31 ቀን ሲባዛ 279 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በቀናቱ ማባዛት የረሳ ሰው የአዲስ አበባን ኦገስት ከበረሃ ጋር ያስተካክለዋል።

አንድ ጣቢያ ብቻ ድርቅ ሆኖ ወጣ። ለምን?

መጀመሪያ -9999ን ፈልጉ። ያልተለካ ቀን በዚህ ቁጥር ይሞላል፤ አንዳንዱ ፋይል -99 ይጠቀማል። በ31 ቀን ውስጥ የ30ው ቀን ድምር 280 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንዱ ቀን -9999 ከሆነ ድምሩ -9719 ይሆናል። ሶፍትዌሩ ከ0 በታች ያለውን ሁሉ በመጨረሻው ደረቅ ቀለም ይቀባዋል፤ ሳያስጠነቅቃችሁ።

ይህ በእኔ ደርሷል። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ ስብሰባ የክረምት ካርታ አዘጋጀሁ፤ በመሀሉ አንድ ቡናማ ቦታ ነበረች። ከአካባቢው የመጡ አንድ አዛውንት የግብርና ባለሙያ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ እኛ ዘንድ እኮ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ተቆርጦብን ነው የሰነበትነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን ስከፍተው አንድ -9999 አገኘሁ። ምናልባትም ጎርፉ ራሱ አንባቢውን ከመለኪያው አግዶት ይሆናል። ከዚያን ቀን ወዲህ ካርታ ከመሳሌ በፊት የፋይሉን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ሳላይ አላልፍም።

ተቃራኒውም አለ፤ ያልተለካውን ቀን በ0 የሞላ ሠንጠረዥ። ይህ በዓይን አይያዝም። በክረምት መካከል ሁለትና ሦስት ሳምንት ተከታትሎ 0 ካያችሁ አጠገቡ ካሉት ጣቢያዎች ጋር አስተያዩት።

በየጣቢያው ዙሪያ ክብ ክብ እየሠራ ያስቸግረኛል።

ኪውጂአይኤስ በጣቢያዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በርቀት እያመዛዘነ ሲሞላ የሚመጣ ነው። ጣቢያዎቹ ሲራራቁ እያንዳንዱ የራሱን ዙሪያ ይገዛል፣ ክቡም ዝናብ ይመስላል። ክሪጊንግ የተባለውን ሌላ የመሙያ ስልት ብትጠቀሙ ክቦቹ ይለዝባሉ፤ ያልነበረ መረጃ ግን አይፈጥርም። የተሻለው ከፍታን አብሮ የሚያስገባ ስልት ነው፤ ለሙቀት በተለይ ጥሩ ይሠራል። ያም ሆነ ይህ የጣቢያዎቹን ነጥቦች ካርታው ላይ ተዉአቸው። ነጥብ የሌለበትን ሰፊ ቦታ ያየ አንባቢ ምን ያህል ማመን እንዳለበት ራሱ ያውቃል።

የጣቢያ ምልክቱን እንዴት ላንብበው?

ቦሌን እንውሰድ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሙቀት 21፣ የጤዛ ነጥብ (አየሩ ጤዛ መጣል የሚጀምርበት ሙቀት) 12፣ ንፋስ ከምሥራቅ 15 ኖት (የፍጥነት መለኪያ ነው)፣ ሰማዩ ግማሹ በደመና የተሸፈነ ነው እንበል። በጣቢያው ቦታ ላይ ትንሽ ክብ ይሳላል፤ ደመና ከስምንት እጅ ስንቱን እንደሸፈነ በጥቁር ይሞላል፣ እዚህ ግማሹ ይጠቁራል። ከክቡ በስተግራ ከላይ 21፣ በስተግራ ከታች 12 ይጻፋል። ከክቡ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ የሚያመለክተው ንፋሱ የሚመጣበትን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ዘንግ ያየ ጀማሪ ሁሉ ንፋሱ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ይመስለዋል። በዘንጉ ጫፍ አንድ ሙሉ ሰረዝና አንድ ግማሽ ሰረዝ ይደረጋል፦ ሙሉው 10 ኖት፣ ግማሹ 5 ኖት። 50 ኖት ሲሆን የባንዲራ መሰል ሦስት ማዕዘን ይመጣል። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆንን ሰረዞቹ በዚህ ምሳሌ ከዘንጉ በታች በኩል ይወድቃሉ።

ቁጥሮቹ በሜትር በሰከንድ ከሆኑ ወደ ኖት ለመቀየር በ1.94 አባዙ። የንፋስ አቅጣጫን ደግሞ እንደ ሙቀት ደምራችሁ አታካፍሉ፦ የ350 እና የ10 ዲግሪ አማካይ 180 ይሰጣችኋል፤ ሁለቱም ከሰሜን ሆነው ሳለ አማካዩ ከደቡብ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ክፍልፋዮቻቸው ለዩአቸው፣ ከዚያ አማካዩን አውጡ።

የትኛውን ቀለም ልምረጥ?

ለዝናብ ከቀላል ወደ ጥቁር የሚጨምር አንድ ወጥ ቀለም። ቀስተ ደመናውን ተዉት፤ ቢጫው መሀል ላይ ስለሚያበራ ምንም ያልሆነውን ቦታ ያጎላል። በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ቀዩና ሰማያዊው እዚያ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ቪሪዲስ የሚባለው የቀለም ስብስብ ፎቶ ኮፒውንም፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይንንም ይችላል።

ከመደበኛው በላይና በታች የሚል ካርታ ከሆነ መሀሉ ነጭ፣ ወደ ደረቁ ቡናማ፣ ወደ እርጥቡ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሁን። ገበሬውም ሆነ ባለሙያው ያንን ሳይነገረው ይገባዋል። መደበኛ ያላችሁት ከየት እስከ የት ያለው 30 ዓመት እንደሆነ ካርታው ላይ ጻፉ፤ አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው።

የጁን፣ የጁላይ፣ የኦገስትና የሴፕቴምበር ካርታዎችን ጎን ለጎን ስትደረድሩ ደረጃውን ራሳችሁ ቁረጡላቸው። ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ለእያንዳንዱ ወር የተለየ ይሰጣል፤ አራቱም ወራት እኩል እርጥብ ይመስላሉ።

አማርኛው ወደ ሳጥን ሳጥን ይቀየራል።

ፎንቱ የግእዝ ፊደል ስለሌለው ነው። የፓይተን ሥዕል መሣሪያ ራሱ የሚመርጠው ፎንት አማርኛን አያውቅም፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑና ስሙን በኮዱ ውስጥ ጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ አስቀድሞ ሊኖር ይችላል። በኪውጂአይኤስ ፎንቱን መምረጥ ብቻ ነው። ለግራድስ ካርታውን ያለ ጽሑፍ አውጡና ርእሱንና መፍቻውን ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ጨምሩ። ለቴሌቪዥንና ለገበሬ ማኅበር የሚሄድ ካርታ በአማርኛ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የክልል ወሰኑ ያረጀ ነው ተባልኩ።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ ብዙ ሼፕፋይሎች (የወሰን መስመር የያዙ የካርታ ፋይሎች) አሁንም የቀድሞውን የደቡብ ክልል አንድ አድርገው ያሳያሉ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም ክልል ሆነዋል። አዲስ አበባ ላይ ክፍለ ከተሞቹን ቁጠሩ፦ 10 ከሆኑ ለሚ ኩራ የለችም። በቆዩ የዓለም ካርታዎች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ የወጣችው ደቡብ ሱዳን አትታይም፤ የጎረቤት ካርታ ስታወጡ ይህን እዩ።

ጣቢያው ከቦታው ወደ 200 ሜትር ተንሸራቶ ታየኝ።

የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የቦታ ማጣቀሻ ሥርዓት ነው፤ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው በሌላው ነው። ንብርብሩ በየትኛው እንደተሠራ ለኪውጂአይኤስ ንገሩት፤ ይስተካከላል። ለአገር አቀፍ የዝናብ ካርታ ይህ ለውጥ አያመጣም። በቀበናና በግንፍሌ ወንዝ ዳር ስላለ የጎርፍ ሥጋት የምትስሉ ከሆነ ግን 200 ሜትር አንድ ሰፈር ነው።

ካርታውን ከመላኬ በፊት ምን ላረጋግጥ?

አንድ ነጥብ ምረጡ። እኔ 9.03 ሰሜን፣ 38.75 ምሥራቅን እወስዳለሁ፤ የከተማዋ መሀል ነው። በዚያ ነጥብ ላይ ካርታው ምን እንደሚል በቁጥር አንብቡ፣ ከዚያ በአቅራቢያው ያለው ጣቢያ ለዚያው ቀን ምን እንደመዘገበ አጠገቡ ጻፉ። ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ከተለያየ መለኪያውን ወይም ከፍታውን እዩ። ዝናቡ በአንድ ቀን ከቀደመ ወይም ከዘገየ የጠዋቱን 3 ሰዓት ንባብ አስታውሱ። ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ተቀያይረው ከሆነ አዲስ አበባ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ስለምትወጣ ወዲያው ትይዙታላችሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ በካርታው ግርጌ የመረጃውን ምንጭ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በዩቲሲም በእኛም፣ የካሬውን ስፋትና ያወጣችሁበትን ዕለት ጽፋችሁ ላኩት።